ዘመዱ ባሕር ማዶ የሆነ መኮንን

ኢያን ፍሌሚንግ በ1939 የእንግሊዝ ባሕር ኃይል የመረጃ ክፍል ሲፈልገው የለንደን የአክሲዮን ደላላ ነበር። (በዚህ ምዕራፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሳንድኸርስት የጦር አካዳሚ ገብቶ ሳይመረቅ ወጥቷል፤ የመርከብ ልምድም አልነበረውም። ይዞ የመጣው ሌላ ነገር ነው፤ ጀርመንኛና ፈረንሳይኛ ይናገራል፣ ለሮይተርስ የዜና ወኪል ሞስኮ ድረስ ሄዶ ችሎት ዘግቧል፣ የባንክና የገበያ ሰዎችን ያውቃል። ባሕር ኃይሉ ይህን ሰው በተጠባባቂ መኮንንነት ሾሞ የመረጃ ክፍሉ አዛዥ ረዳት አደረገው። ጄምስ ቦንድን የጻፈው ከጦርነቱ በኋላ ነው። ከ70 ዓመት በኋላ በ2009፣ ሃርቫርድና ኦክስፎርድ ተምሮ በአማካሪ ድርጅት ይሠራ የነበረው ፒት ቡቲጀጅ በአሜሪካ ተጠባባቂ ባሕር ኃይል ኤንሳይን የሚባለውን የመጀመሪያውን የመኮንን ማዕረግ አግኝቶ የመረጃ መኮንን ሆነ። በ2014 የሳውዝ ቤንድ ከተማ ከንቲባ ሳለ ሥራውን ለጊዜው ትቶ ወደ አፍጋኒስታን ዘመተ። ሁለቱም የገቡበት በር ቀጥተኛ ሹመት ይባላል፤ ከሲቪል ሕይወት በቀጥታ ወደ መኮንንነት የሚያሻግር ማለት ነው።

የአሜሪካው አሠራር ለተመልካች ቀላል ይመስላል። አመልካቹ ዜግነትና የመጀመሪያ ዲግሪ ይኖረዋል፤ መኮንን ከሚመለምለው ቢሮ ጋር ተገናኝቶ የትምህርት ማስረጃ፣ የሥራ ታሪክ፣ የድጋፍ ደብዳቤዎችና ለምን ማገልገል እንደፈለገ የሚገልጽ ጽሑፍ ያቀርባል። በሥራው ላይ ያሉ ተጠባባቂ የመረጃ መኮንኖች ቃለ መጠይቅ አድርገውለት ግምገማቸውን ይጽፋሉ፤ ጤናው ይመረመራል፤ ከዚያ መዝገቡ መራጭ ቦርድ ፊት ይቀርባል። የተመረጠው ቃለ መሐላ ፈጽሞ ኒውፖርት፣ ሮድ አይላንድ ለ5 ሳምንት ይሠለጥናል፤ የመረጃ ሙያውን ደግሞ ቆይቶ በኮርስ ይማራል። ከዚያ በኋላ ግዴታው በወር አንድ ቅዳሜና እሁድ፣ በዓመት ሁለት ሳምንት ነው ይባላል። ሕጉ የሚጠይቀው ትንሹ መጠን ይህ መሆኑ እውነት ነው፤ ግን ተጠባባቂ ጦር የተቋቋመው ሊጠራ ነው፤ ጥሪው ሲመጣ ወራት ሊፈጅ ይችላል። የሲቪል ሥራውን እንዳያጣ በ1994 የወጣው የተጠባባቂዎች የሥራ ዋስትና ሕግ ይጠብቀዋል፤ ከቤተሰቡ ተለይቶ የሚቆይበትን ጊዜ ግን ማንም አይመልስለትም።

ሐኪም፣ ጠበቃና ቄስም በዚሁ መንገድ ይሾማሉ። ልዩነቱ ሐኪሙ የሚያሳየው የሙያ ፈቃድ አለው፤ ቦርዱ ፈቃዱን አይቶ ይፈርዳል። ለመረጃ መኮንን እንዲህ ያለ ወረቀት የለም። ስለዚህ የሚመዘነው ሰውየው ራሱ ነው፤ የት ኖረ፣ ምን አነበበ፣ የትኛውን ቋንቋ ያውቃል፣ በማን ሥር ሠራ፣ ሲጽፍ ሐሳቡን ያስጨብጣል ወይ። ከዚህ የሚከተለው ነገር ለስደተኛና ለስደተኛ ልጅ ትልቅ ትርጉም አለው። ቦርዱን የሚማርከው የውጭ ልምድ፣ ቋንቋና የቤተሰብ ትስስር ምሥጢር ለመያዝ የሚሰጠውን ፈቃድ፣ ማለትም ክሊራንሱን፣ የሚመረምረውን ባለሥልጣን ያሳስበዋል። ያለዚያ ፈቃድ ደግሞ ሹመቱ ባዶ ነው። በአንድ መዝገብ ውስጥ ያው አንድ እውነት በአንድ ገጽ ብልጫ፣ በሌላ ገጽ ስጋት ሆኖ ይነበባል። በዚህ ምዕራፍ የምሟገተው ይህ ተቃርኖ በሩን እንደማይዘጋው ነው። የሚዘጋው አመልካቹ ተቃርኖውን ሊደብቀው ሲሞክር ነው። መንግሥትም ትስስሩን በጅምላ ወንጀል አድርጎ ያየበት ዘመን ስለነበረ፣ ያ ምን እንዳስከፈለው ከታሪክ ማየት ይቻላል።

በ1942 የአሜሪካ ባሕር ኃይል ጃፓንኛ የሚያውቅ መኮንን እጅግ ቸግሮት ነበር። የቋንቋ ትምህርት ቤቱን ከበርክሊ ወደ ቦልደር፣ ኮሎራዶ አዛውሮ የዩኒቨርሲቲ ወጣቶችን ሰብስቦ አስተማረና ተጠባባቂ መኮንን አድርጎ ሾማቸው። ኋላ ለጃፓን ሥነ ጽሑፍ የዓለም ሊቅ የሆነው ዶናልድ ኪን ከእነሱ አንዱ ነው። ከመምህራኑ ብዙዎቹ ጃፓናውያንና ትውልደ ጃፓን አሜሪካውያን ነበሩ። ትውልደ ጃፓን ተማሪ ግን ባሕር ኃይሉ አልተቀበለም፤ የሚያስተምረው ሰው ተማሪዎቹ የሚያገኙትን ማዕረግ ራሱ ሊያገኝ አልተፈቀደለትም። የምድር ጦሩ በአንጻሩ በኅዳር 1941 ሳንፍራንሲስኮ ላይ በ60 ተማሪዎች ትምህርት ቤት ከፈተ፤ ከእነሱ 58ቱ ትውልደ ጃፓን ነበሩ። ዋና አስተማሪው ጆን አይሶ ከሃርቫርድ በሕግ የተመረቀ ሰው ሲሆን፣ ለብሔራዊ ግዳጅ ተጠርቶ የመኪና ጥገና ክፍል ውስጥ ተራ ወታደር ሆኖ ሳለ ነው የተገኘው። በየካቲት 1942 ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት በፈረሙት ትእዛዝ ወደ 120 ሺህ የሚሆኑ የጃፓን ተወላጆች ከምዕራብ ጠረፍ ተነቅለው ካምፕ ሲገቡ፣ ትምህርት ቤቱም ተማሪዎቹን ይዞ ወደ ሚኒሶታ ተሰደደ። በጦርነቱ ዘመን ወደ 6 ሺህ የሚጠጉ ሰዎች አስመርቋል። ብዙዎቹ በተራ ወታደርነትና በበታች ሹምነት፣ ጃፓንኛቸው ከእነሱ ባነሰ ነጭ መኮንኖች ሥር ሆነው የጠላትን ሰነድ ተረጎሙ፣ ምርኮኛ ጠየቁ። አንዳንዶቹ ወላጆቻቸው ከሽቦ አጥር ጀርባ ነበሩ፤ አንዳንዶቹ ደግሞ ሂሮሺማ ውስጥ ዘመድ ነበራቸው። ኮንግረስ ያቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን በ1980ዎቹ መጀመሪያ ሲመረምር፣ በምዕራብ ጠረፍ ይኖር የነበረ ጃፓናዊም ሆነ ትውልደ ጃፓን አሜሪካዊ የፈጸመው አንድም በሰነድ የተረጋገጠ የስለላ ወይም የሻጥር ተግባር አላገኘም።

ታሪኩ የሚያስረዳው ትስስር ስጋት የለውም ማለትን አይደለም። የሚያስረዳው ዘርን አይቶ መፍረድ ሰውን መርምሮ የመፍረድን ሥራ እንደማይተካ ነው። ደንቦቹ ወደዚህ የደረሱት ቀስ ብለው ነው። ፕሬዚዳንት ክሊንተን በ1995 ያወጡት ትእዛዝ ምሥጢር የሚያገኘው የአሜሪካ ዜጋ ብቻ እንዲሆንና ጥርጣሬ ሲኖር ፍርዱ ለአገር ደኅንነት እንዲያደላ ደነገገ። እጅግ ጥብቅ የሆነውን የመረጃ ምሥጢር የሚመለከተው የቀድሞው መመሪያ የቅርብ ቤተሰብም አሜሪካዊ እንዲሆን ይጠይቅ ነበር፤ ከዚያ የሚያፈነግጠው በልዩ ምክንያት ብቻ ነው። በ2008 የተካው መመሪያ ይህን ቅድመ ሁኔታ አስቀረ። ዛሬ የሚሠራው ከ2017 ጀምሮ የጸና ባለ 13 ነጥብ መመዘኛ ሲሆን፣ የውጭ ተጽዕኖን የሚመለከተው ነጥብ የሚጠይቀው ዘመድ ውጭ አገር አለ ወይስ የለም ብቻ አይደለም። ያ ግንኙነት ሰውየው እንዲገደድ፣ እንዲታለል ወይም እንዲባበል ከፍ ያለ አደጋ ይፈጥራል ወይ ነው ጥያቄው። ከዚያው ሥር ደግሞ አመልካቹ በአሜሪካ ያለው ትስስር ጥልቅና የቆየ ከሆነ፣ ግጭት ሲፈጠር ለአሜሪካ እንደሚያደላ የሚታመን ከሆነ፣ ስጋቱ እንደሚቀልለት ተጽፏል። ዘመዱ ማን ነው፣ ምን ይሠራል፣ አገሩስ ምን ዓይነት መንግሥት አለው የሚለው ሁሉ ይመዘናል። አዲስ አበባ ጡረታ ላይ ያለች እናትና በመከላከያ ከፍተኛ ሹመት ያለው ወንድም እኩል አይታዩም፤ አለመታየታቸውም ትክክል ነው።

ይህ ሁሉ ወደ መሬት የሚወርደው ኤስኤፍ-86 በሚባለው ቅጽ ላይ ነው። የኖሩበትንና የሠሩበትን 10 ዓመት ያለ ክፍተት ይጠይቃል። ወላጅ፣ ወንድም፣ እህት፣ የአባት ልጅ፣ የእናት ልጅና አማት እያለ እያንዳንዱን ከነትውልድ ቀኑ፣ ከነትውልድ ቦታው፣ ከነዜግነቱና ከነአድራሻው ያስጽፋል። አሜሪካዊ ላልሆነው ዘመድ ደግሞ በምን እንደሚገናኙ፣ በየስንት ጊዜው እንደሚደዋወሉ፣ የት እንደሚሠራ፣ ከመንግሥት ወይም ከጦር ጋር ግንኙነት ይኑረው አይኑረው ያክላል። ባለፉት 7 ዓመታት ያለው የቅርብ ወዳጅም አይቀርም። ቅጹ የተሠራው የቤተሰብ ስም ላለው ሕዝብ ነው። እኛ ግን የራሳችንን፣ የአባታችንንና የአያታችንን ስም እየቀጠልን የምንጠራ በመሆናችን፣ ባልና ሚስት፣ እናትና ልጅ በወረቀት ላይ ምንም የማይዛመዱ ይመስላሉ፤ ምንም የማይዛመዱ ሁለት ሰዎች ደግሞ የአባታቸው ስም አንድ ስለሆነ ወንድማማች ይመስላሉ። አንድ ስም በፓስፖርቱ ላይ በአንድ ዓይነት ፊደል፣ በዲቪ ማመልከቻው ላይ በሌላ፣ በዩኒቨርሲቲው ማስረጃ በሦስተኛ ተጽፎ ይገኛል። የትውልድ ቀኑም ያው ነው። ብዙ አባቶቻችን የተወለዱት በየትኛው ዓመተ ምሕረት እንደሆነ የሚታወሰው «ጣልያን በወጣ በዓመቱ» ተብሎ ነው፤ ያም ወደ አውሮፓ ሲለወጥ 7 ወይም 8 ዓመት ይጨመራል፤ መስከረምና ታኅሣሥ መካከል ያለ ወር ከሆነ ደግሞ ብዙ ሰው ይስታል። መርማሪው ይህን አያውቅም። አለመጣጣሙን ሲያይ የሚጠይቀው ለምን ሁለት ቀን ሰጠህ ብሎ ነው። አመልካቹ ቀድሞ በማብራሪያው ሳጥን ካስረዳ ጉዳዩ የአቆጣጠር ልዩነት ሆኖ ያልፋል፤ ተጠይቆ ሲደናገር ግን የታማኝነት ጥያቄ ይሆናል።

የገንዘቡ ክፍል ደግሞ ለአበሻ ቤተሰብ ከሁሉ የሚከብደው ነው። ቅጹ ለውጭ አገር ዜጋ የገንዘብ ድጋፍ አድርገህ ታውቃለህ ወይ ይላል። በየወሩ ለእናቱ፣ በበዓል ለአክስቱ፣ ለዘመድ ልጅ የትምህርት ቤት ክፍያ የሚልክ ሰው መልሱ አዎ ነው። ብሩ የሄደው በባንክ ሳይሆን በሰው እጅ ከሆነም መልሱ ያው አዎ ነው። አዲስ አበባ በስሙ ያለ ኮንዶሚኒየም፣ በወንድሙ ስም የገዛው ቦታ፣ የከፈተው የዲያስፖራ የባንክ ሒሳብ ሁሉ ይጻፋል። እዚያው አሜሪካ ውስጥ የሚጣል እቁብ ራሱ ነውር የለበትም፤ ነገር ግን በአንድ ቀን 20 ሺህ ዶላር በጥሬ ገንዘብ ወደ ሒሳብ ሲገባ ማብራሪያ ይሻል፣ ማብራሪያውም ቀላል ነው። ቢጫ ካርድ የምንለው የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያም እንዲሁ መገለጽ አለበት። ዜግነት አይደለም፤ ኢትዮጵያ ጥምር ዜግነት አትፈቅድም፣ በ2003 የወጣው የዜግነት አዋጅም በፈቃዱ የሌላ አገር ዜጋ የሆነን ሰው ኢትዮጵያዊነቱን እንደተወ ይቆጥረዋል። የሚገርመው መታወቂያውን የፈጠረው የ2002ቱ አዋጅ ባለካርዱን ከአገር መከላከያ፣ ከደኅንነትና ከውጭ ጉዳይ መደበኛ ሥራ ማገዱ ነው። ሁለቱም መንግሥታት የሚፈሩት አንድ ነገር መሆኑን ይህ አዋጅ ያሳያል፤ ኢትዮጵያ የጻፈችው ክልከላ ከአሜሪካው ይልቅ ፈርጠም ያለ ነው። ጫትንም ልጨምር፤ ብዙ ሰው አገር ቤት የተለመደ ነው ብሎ ያልፈዋል፣ በአሜሪካ ፌዴራል ሕግ ግን በትኩስ ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን ከ1993 ጀምሮ ከሄሮይን ጋር በአንድ መደብ የተከለከለ ነው።

አንባቢ እዚህ ላይ ጠንከር ያለ ተቃውሞ ሊያነሳ ይችላል። ዘርን አይቶ መፍረድ ስሕተት ከሆነ፣ ለምን ለውጭ ትስስር ይህን ያህል ገጽ ይሰጣል? ከአሜሪካ ታሪክ ከባዱን ጉዳት ያደረሱት ሰላዮች እኮ ተወላጆች ናቸው። በ1985 የተያዘው የባሕር ኃይሉ ጆን ዎከር፣ በ1994 የተያዘው የሲአይኤው ኦልድሪች ኤምስ፣ በ2001 የተያዘው የኤፍቢአዩ ሮበርት ሃንሰን ሁሉም ምሥጢር በገንዘብ ሸጠዋል። ሁሉም ማጣሪያውን አልፈው ነበር። ክርክሩ እውነትነት አለው፤ ግን ግማሹን ነው የሚያየው። ለመከላከያ ሚኒስቴር የተሠሩ ጥናቶች ከ1990 ወዲህ በስለላ ከተከሰሱት አሜሪካውያን መካከል የውጭ ትስስር ያላቸው ድርሻ እንደጨመረ አሳይተዋል። ለእኛም ቅርብ የሆነ ጉዳይ አለ፤ በ2023 በውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት በኮንትራት የሚሠራ ትውልደ ኢትዮጵያዊ አሜሪካዊ ምሥጢር ለውጭ መንግሥት አሳልፎ ሰጥቷል ተብሎ ተከሰሰ፤ ክሱ አገሩን በስም ባይጠራም ጋዜጦች ኢትዮጵያ መሆኗን ዘግበዋል። ይህን ዜና ከክርክሩ ማስወጣት ሐቀኝነት አይሆንም። ስለዚህ ጥያቄው መጠየቁ ትክክል ነው፤ ስሕተት የሚሆነው መልሱ ሳይሰማ የተወሰነ እንደሆነ ነው። መንግሥት ራሱም በዚህ ሲዋልል ታይቷል። ከ2009 ጀምሮ ማቭኒ በተባለው መርሐ ግብር ቋሚ መኖሪያ የሌላቸውን ሰዎች በቋንቋቸው ምክንያት ወደ ተራ ወታደርነት ሲመለምል አማርኛ ከሚፈለጉት ቋንቋዎች ዝርዝር ውስጥ ነበር። በ2016 ግን ማጣሪያው አላረካም ተብሎ ምልመላው ቆመ፤ ውል የፈረሙ ብዙዎች ለዓመታት ተንጠልጥለው ቀሩ። ቋንቋውን ፈልጎ ተናጋሪውን መፍራት እንዲህ ያለ በደል ያስከትላል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከወታደሩ ወገን ይመጣል። ባሕር ኃይል አካዳሚ 4 ዓመት የተማረ፣ ወይም ከታች ተነስቶ 15 ዓመት ያገለገለ ሰው 5 ሳምንት ለሠለጠነ ሲቪል ሰላምታ የሚሰጠው በምን ሒሳብ ነው? ቅሬታው ይገባኛል። በ2025 አራት የቴክኖሎጂ ኩባንያ ሰዎች በአንድ ቀን የምድር ጦር ተጠባባቂ ሌተና ኮሎኔል ሆነው ሲሾሙ ክርክሩ እንደገና የጋለውም ያለ ምክንያት አይደለም። የመረጃው ሹመት ግን አብዛኛውን ጊዜ ከታችኛው ማዕረግ ይጀምራል፤ ተሿሚው መርከብ አያዝም፣ ሠራዊት አይመራም፣ የሚፈለገው ትንታኔ ጽፎ አዛዥ ፊት እንዲያስረዳ ነው። ማዕረጉን ለክብር የሚፈልግ ሰው ግን ቃለ መጠይቅ አድራጊዎቹ ቶሎ ይለዩታል፤ ቢለዩትም መልካም ነው።

ሦስተኛው ከገዛ ወገናችን የሚነሳና ከሁሉ የሚከብደው ነው። የተወለድኩባትን አገር ለሌላ መንግሥት ልሰልል ነው ወይ የሚል ጥያቄ። በርካታ የባሕር ኃይል መረጃ ሥራ የመርከብ እንቅስቃሴ መከታተልና ማብራሪያ ማዘጋጀት ነው ብሎ ማለስለስ ይቻላል፤ እኔ ግን ይህ መልስ ይሸሻል እላለሁ። የአፍሪካ ቀንድ ለአሜሪካ መረጃ እንግዳ ሆኖ አያውቅም፤ ከ1943 እስከ 1977 አሥመራ የነበረው ቃኘው ጣቢያ ዋና ሥራው የሬዲዮ ግንኙነት መጥለፍ ነበር፣ ዛሬ ደግሞ ጅቡቲ ያለውን ካምፕ ሌሞኒየር የሚያስተዳድረው ባሕር ኃይሉ ራሱ ነው። መኮንን የሚመደብበትን አይመርጥም። ደግሞም ጥያቄው የሚጀምረው ከሹመቱ ቀደም ብሎ ነው፤ ዜግነት ሲወሰድ የሚፈጸመው ቃለ መሐላ ለቀድሞው አገር ያለን ታማኝነት መተውንና ሕግ ሲያዝ ለአሜሪካ መሣሪያ ማንሳትን በግልጽ ያካትታል። ብዙዎቻችን ያንን ቃል ለወረቀት ያህል ደግመነዋል። ለዚህ ሥራ የሚያመለክት ሰው ግን ቃሉን እንደገና ቁጭ ብሎ ማንበብ አለበት። ስለ ኢትዮጵያ አንድ ትእዛዝ ቢመጣ ልፈጽም አልችልም ብሎ በልቡ የሚያውቅ ሰው ማመልከት የለበትም፤ ይህ ውርደት አይደለም፣ የማገልገያ መንገድ ሞልቷል። እችላለሁ የሚለውም ዘመዱን ከዳ ማለት አይደለም። አገሩን በሚገባ የሚያውቅ ሰው ማብራሪያው ክፍል ውስጥ መኖሩ፣ አንድን ብሔር ከሌላው፣ አንድን ሰልፍ ከአመጽ ለይቶ የሚያይ ሰው መኖሩ፣ እዚያ ላሉት ሕዝቦችም የሚበጅ ሊሆን ይችላል ብዬ አምናለሁ።

ክሊራንስ ማግኘት የማንም ሰው መብት አለመሆኑን የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1988 በኢገን ጉዳይ ወስኗል። ሲሰጥም ለዘለቄታው አይሰጥም። ቀድሞ በየ5 ዓመቱ ይደረግ የነበረው ድጋሚ ምርመራ አሁን ያለማቋረጥ በሚደረግ ክትትል እየተተካ ነው። ባለፈቃዱ ለግል ጉዳይ ወደ ውጭ አገር ሲጓዝ ከመሄዱ በፊት ማሳወቅና መፈቀዱን መጠበቅ አለበት፤ የቆየ ወዳጅነት ከውጭ አገር ዜጋ ጋር ሲፈጠርም ያስመዘግባል። ለሠርግና ለጥምቀት ይህ ችግር የለውም፣ አስቀድሞ ይታወቃል። ለቅሶ ሲመጣ ግን አበሻ የሚሄደው በማግሥቱ ነው። ደንቡ ላልታሰበ አስቸኳይ ጉዞ ከመሄዱ በፊት ለአለቃው በቃል አሳውቆ፣ ሙሉውን ሪፖርት በተመለሰ በ5 የሥራ ቀን ውስጥ እንዲያቀርብ ቦታ ትቶለታል፤ ይህን አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል። ጡረታ ሲወጣ ወይም ቀደም ብሎ ወደ አገር ቤት ተመልሶ ለመንግሥት መሥሪያ ቤት በአማካሪነት ልሥራ ቢል ደግሞ፣ በተጠባባቂነት እስካለ ድረስ ከውጭ መንግሥት ደመወዝ ለመቀበል ከራሱ ጦርና ከአሜሪካ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ፈቃድ ማግኘት ግዴታው ነው። የመጀመሪያው የአገልግሎት ዘመን በጠቅላላው 8 ዓመት ነው፤ የሚያመለክተው ሰው በእነዚያ 8 ዓመታት አገር ቤት ምን ለመሥራት እንዳሰበ ከቤተሰቡ ጋር መነጋገር ያለበት ቅጹን ከመክፈቱ በፊት ነው።